በሰፈራችን የሌለው ሸንተረር

ልጄ ሮሐ የሒሳብ ሰው ናት። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ለመኩራራትም ነው። ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ሠላሳ አንድ ዓመት ጎሚስታ ሆኜ ጎማ ስለጥፍና ስነፋ የኖርኩ ሰው በልጄ ካልኮራሁ በምን ልኮራ ነው?

ሥራዋ ምንድን ነው ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። «ኮምፒውተር ላይ ናት» ካልኳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ። እውነተኛውን ነገር ላስረዳ ስሞክር ግን ታክሲ እንዳመለጠው ሰው መቁነጥነጥ ይጀምራሉ። እናንተ እንዳትቁነጠነጡብኝ አደራ። ይህ ካልገባችሁ በእትዬ ብርቅነሽ ቤት ላይ የመጣው ጣጣም አይገባችሁም።

ለእኔ ያስረዳችኝ በጋቢዬ ነው። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ፣ ጋቢዬን ጉልበቴ ላይ ጣል አድርጌ ሳለሁ «አባዬ፣ እንዳትንቀሳቀስ» አለችና ጣቷን በጋቢው ላይ ታስኬድ ጀመር።

«ይኸውልህ፣ ይሄ ጉልበትህ ላይ ከፍ ያለው ሸንተረር ነው። እዚህ ብትቆም ግራህም ቀኝህም ካንተ ዝቅ ያለ ነው። ዝናብ ቢዘንብ ግማሹ ወደዚህ፣ ግማሹ ወደዚያ ይሄዳል። በሁለቱ እግሮችህ መካከል የጎደጎደው ደግሞ ሸለቆ ነው። እዚያ ብትቆም የግራውም የቀኙም ውሃ ወዳንተ ይመጣል።»

«ይሄን ለማወቅ ነው ስንት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጥሽው?»

«ዓይን ያለው ሰውማ ያውቀዋል። ኮምፒውተር ግን ዓይን የለውም፣ ያለው ቁጥር ብቻ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮን የሚባለው ነገር በሰማይ እየዞረ መሬቱን ፎቶ ያነሳል። ከፎቶዎቹ መሬቱ በትንንሽ ካሬ ይከፋፈልና ለእያንዳንዱ ካሬ ከፍታው በቁጥር ይጻፍለታል። ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ቀጨኔ ብቻ ስንት ሚሊዮን ካሬ እንዳለ ነግራኝ ነበር፣ ረስቼዋለሁ። ኮምፒውተሩ በእያንዳንዱ ካሬ ላይ ይቆምና ስምንቱን ጎረቤቶቹን ያያል። ከሁሉ ዝቅ ላለው ውሃውን ያስረክባል። ያም ተቀብሎ ለሚቀጥለው ያስረክባል። የብዙ ካሬ ውሃ የተጠራቀመበት መስመር ሸለቆ ነው፤ ከማንም ሳይቀበል ለግራና ለቀኝ የሚሰጠው ደግሞ ሸንተረር። በዚህ ላይ ደሪቫቲቭ የሚባል አለ። አንዴ ሲወሰድ ቁልቁለቱን ይናገራል፣ ሁለተኛ ሲወሰድ መሬቱ የጎበጠበትን ልክ። እንደ ሆስፒታል መድኃኒት ሁለት ጊዜ ይወሰዳል ማለት ነው አልኳትና በጣም ሳቀች።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ሲያልቅ ካርታው ላይ ሸንተረሮቹ በቡናማ፣ ሸለቆዎቹ በሰማያዊ ቀጫጭን መስመር ይወጣሉ። የአሮጌ ሰው የእጅ ጀርባ ይመስላል። መጀመሪያ ያሳየችኝ ቀን ቁስቋም ማርያምን፣ ሽሮ ሜዳን፣ የቀጨኔን ወንዝ በጣቴ እየነካሁ ለየሁና «አባዬ ካርታ ማንበብ ይችላል» ብላ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች አወራች። እኔም ለሰፈሩ አወራሁ።

የሮሐ መሥሪያ ቤት ይህን ያስጠናው በምክንያት ነው። ባለፉት ክረምቶች ከተራራው የወረደ ጎርፍ ቤት አፍርሷል። ስለዚህ የጎርፍ መንገድ ላይ የተቀመጡት ቤቶች ተለይተው፣ በራቸው ላይ ቀይ ምልክት ተቀብቶ፣ ሰዎቹ ከተማው ዳር ወደተሠሩት አዳዲስ ፎቆች ሊዛወሩ ነው። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ሰው ከሚሞት ቢዛወር ይሻላል።

አሁን ስለ እኛ መንገድ ልንገራችሁ። ከቁስቋም ቁልቁል የሚወርድ ጠባብ የኮብልስቶን መንገድ ነው። የእትዬ ብርቅነሽ በር ከላይ ነው። የእኔ በር አርባ እርምጃ ያህል ወረድ ብሎ፣ መንገዱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው። መንገዱ ይታጠፋል፤ ውሃ ግን መታጠፍ አይወድም። ሐምሌና ነሐሴ ቀጥ ብሎ በበሬ ይገባና ወጥ ቤቴን አቋርጦ በጓሮ ይወጣል። ምድጃዬን ብሎኬት ላይ ከሰቀልኩት ዓመታት አልፈዋል። ሮሐ ልጅ ሳለች እትዬ ብርቅነሽ ቤት ነበር የምትውለው፤ ዩኒቨርሲቲም ሌላ ከተማ ነበረች፣ ከዚያ ወዲህም ጠዋት ወጥታ ሲመሽ ነው የምትገባው። እስክትመጣ ጠርጌ አደርቀዋለሁ። ልጅን በቤት ጣጣ ማስጨነቅ አልወድም።

እትዬ ብርቅነሽ ጎረቤቴ ብቻ አይደሉም። ሮሐ የአራት ዓመት ልጅ ሳለች እናቷ ሞተችብን። እኔ ቀኑን ሙሉ ጎማ ቤት ስውል ልጄን ያሳደጓት እሳቸውና ባለቤታቸው ጋሽ አምኃ ናቸው። ጋሽ አምኃ ሽሮ ሜዳ የአገር ልብስ ይሸጡ ነበር። አንገታቸው ላይ የምትንጠለጠል የልብስ መለኪያ ሜትር ነበረቻቸው፤ ሮሐ ቁጥር የተማረችው በዚያች ሜትር ነው። ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት እስከ መቶ ሃምሳ ትቆጥር ነበር። ሜትሯ እዚያ ላይ ስለምታልቅ እሷም እዚያ ላይ ትቆማለች።

ጋሽ አምኃ የካቲት መጨረሻ ላይ አረፉ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሮሐ ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ከፍታ አንገቷን ደፍታ ስታለቅስ አገኘኋት። ሰው የሞተ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«እማማ ብርቅነሽ ዝርዝሩ ውስጥ አለች» አለችኝ። «ውሃው በግቢዋ ነው የሚያልፈው። እማማን ከቤቷ የማስወጣት እኔ ሆንኩ፣ አባዬ።»

አጠገቧ ተቀምጬ ካርታውን አየሁ። ሰማያዊው መስመር በመንገዳችን መሀል ሲወርድ ይመጣና የእትዬ ብርቅነሽ በር ጋ ሲደርስ ተጠምዝዞ ይገባባቸዋል። በግቢያቸው አልፎ ከኋላቸው ወዳለው ገደል ይወርዳል። የእኛ ቤት አካባቢ አንዳች ሰማያዊ የለም።

«ለምንድን ነው የሚጠመዘዘው?»

«ከበሯ ዝቅ ብሎ መንገዱን የሚያቋርጥ ሸንተረር አለ። ይኸው፣ ቡናማው። ከዳገቱ የሚቀጥል ነው፣ አሥራ ሁለት ሜትር ይሆናል። ውሃው እሱን መሻገር ስለማይችል ወደ እሷ ይዞራል።»

«እዚያ ቦታ ላይ ሸንተረር አለ እንዴ?»

«ቁጥሩ አለ ይላል። ሰው ከልጅነቱ የለመደውን ከፍታ እግሩ አይቆጥረውም።»

«ሄደሽ አላየሽውም?»

አፈረች። «የሌላውን ሰፈር አብዛኛውን በእግሬ አዳርሼዋለሁ። የእኛን ግን... እማማ ጥቁር ለብሳ በሯ ላይ ተቀምጣ፣ አርባው እንኳን ሳይወጣ፣ ሜትር ይዤ ደጃፏን ልለካ? ይሉኝታ ያዘኝ። ደግሞ የራሴ ሰፈር ነው፣ ምኑን አየዋለሁ አልኩ።»

ቡናማውን ነገር ቀረብ ብዬ አየሁት። ርዝመቱ አሥራ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ ስድስት። በታችኛው በኩል አንደኛው ጥግ ከሌሎቹ ሰመጥ ብሏል። ያን ጥግ ሳይ ምን እንደሆነ አወቅኩት።

የዕድራችን ንብረት ኃላፊ ነኝ። ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ትሪው፣ ድንኳኑ በእኔ እጅ ነው። ድንኳናችን አሥራ ሁለት በስድስት ነው። አንደኛው የጥግ ምሰሶ ተሰብሮ በአጭር ብረት ከተካሁት ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ በዚያ በኩል ይሰምጣል። እቀይረዋለሁ ስል ነው የከረምኩት። ሸራው እንዲታጠብ በስብሰባ ከተወሰነም ቆይቷል፣ እሱንም አላጠብኩትም። ከአፈር አይለይም።

ጋሽ አምኃ ሲሞቱ ድንኳኑን ከበራቸው ዝቅ ብሎ፣ ከዳገቱ እስከ ማዶው አጥር፣ መንገዱን ዘግተን ተከልነው። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የምንተክለው፤ ሌላ ቦታ የለንም። እስከ ሠልስቱ ቆሟል። በሁለተኛው ቀን ከበላያችን ንብ የሚመስል ድምፅ ሰምቼ ነበር። ሮሐ የሦስት ቀን ፈቃድ ወስዳ ድንኳኑ ውስጥ ለለቀስተኛ ውሃና ንፍሮ ስታዞር፣ የሥራ ባልደረባዋ ብሩኪ ድሮኑን ያበረረው በዚያን ቀን ነው። የተሰጠው የማብረሪያ ፈቃድ ለዚያ ቀን ብቻ ነበርና። ኮምፒውተሩ ቤቶችን ለይቶ ከካርታው ማውጣት ይችላል አሉ፣ ጣሪያቸው ጠርዝ ስላለው። የእኛ ድንኳን ግን አፈር የመሰለ፣ ጎኑ በገመድ ተወጥሮ ዳገቱ ላይ የተኛ ነበር። መሬት ነው ብሎ ወሰደው። ልጄ ሁለት ወር ተኩል ስትመረምረው የከረመችው ሸንተረር እሷው ራሷ ውስጡ ሆና ያለቀሰችበት ነበር።

ይሄን ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የተረዳሁት። ወዲያውም ሌላ ነገር ተረዳሁ። ድንኳኑ ከተነሳ ውሃው መንገዱን ይዞ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ወርዶ የሚሄደው የት እንደሆነ የማውቅ እኔ ነኝ።

ሮሐ ዓይኗን ጠርጋ ቀና አለች። «አባዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ግራ ገብቶኛል። እኛ ቤት ውሃ አይደርስም። ታዲያ ሐምሌ ላይ ወጥ ቤታችን አንዳንዴ የሚረጥበው ከምንድን ነው?»

«አሸንዳው ነው» አልኳት። «ተበስቷል።»

ይህን ስል ድምፄ እንኳን አልተለወጠም። በዚያ ቤት ውስጥ ሚስቴ ሞታብኛለች፣ ልጄን አሳድጌበታለሁ። ከዕድሩ፣ ከቁስቋም ደጅ፣ ከለመድኩት ሰው ተነጥዬ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ስቀመጥ ታየኝ። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለሁት በእኔ ተንኮል አይደለም፣ ድሮን ያመጣው ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

በማግስቱ ሮሐ አንድ ሠራተኛ ይዛ መጣች። አዲስ አሸንዳ አስገጠመችልኝ። የሚያብረቀርቅ፣ ከዳር እስከ ዳር። «ከእንግዲህ አትጠርግም» አለችኝና ጉንጬን ሳመችኝ። ከዚያ በኋላ በገባሁና በወጣሁ ቁጥር አሸንዳው ከላዬ ያያኛል። ራሴን ደፍቼ ነበር የማልፈው።

ዘጠኝ ቀን እንደዚያ ከረምኩ። ጥሩ ሰው ነኝ ብዬ አስብ ነበር፤ ዘጠኝ ቀን ብዙ ነገር ያሳያል።

በዘጠነኛው ቀን እትዬ ብርቅነሽ ቤቴ መጡ። ጥቁር ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆሙና ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«ዕቃ እያሰርኩ ነው፣ አልቀመጥም» አሉ። «ልጅቷን አደራ፣ እንዳታስጨንቃት። ትናንት መጥታ እግሬ ላይ ወድቃ ስታለቅስ ነበር። ሥራዋ ነው፣ ምን ታድርግ በላት።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«የመጣሁት ለዕድሩ ነገር ነው። እንደው ደንቡን አንተ ታውቀዋለህ። ከሰፈር የወጣ ሰው አባልነቱ ይቀራል?»

«አይቀርም። መዋጮውን ከከፈሉ አባል ነዎት።»

«ድንኳኑስ? እዚያ ድረስ ይመጣል?»

ምን ልበል? ደንቡ ድንኳን ከሰፈር አይወጣም ይላል። ይህን ደንብ በስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ያስጸደቅኩት እኔ ነኝ። አንዱ ጎረቤት ወስዶ ሸራውን ስለቀደደብኝ ተናድጄ ነበር።

ዝም ስል ገባቸው። «እኔስ ቀብሬ ከአምኃ አጠገብ እዚሁ ቁስቋም ነው» አሉ። «ለቅሶው ግን የት ይቀመጥ ይሆን ብዬ ነው። እዚያ ፎቅ ላይ ማን ያውቀኛል? ስሞት ማን ነው ድንኳን የሚተክልልኝ?» ያሉት በምሬት አልነበረም። ስለ ሌላ ሰው የሚጠይቁ ነበር የሚመስሉት። ከዚያ «በል ደህና ዋል» ብለው ወደ ላይ ወጡ። ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመው ሲያርፉ በዓይኔ ተከተልኳቸው።

ሮሐ ማታ ስትገባ ራት አላቀረብኩም። ጠረጴዛው ላይ የዕድሩን ድንኳን አጭር ምሰሶ አስቀምጬ ጠበቅኳት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሸንተረርሽ ነው።»

ሁሉንም ነገርኳት። ድንኳኑን፣ የሰመጠውን ጥግ፣ ያልታጠበውን ሸራ፣ የንቡን ድምፅ። ስጨርስ ላፕቶፑን ከፈተችና የብሩኪን ፎቶዎች አንድ በአንድ ታይ ጀመር። አንዱ ላይ ቆመች። ከላይ ሲታይ ምንም አይልም፣ አፈር ነው። አጉልታ አጉልታ ስታየው ግን በታችኛው ጠርዝ የተደረደሩ ጫማዎች ታዩ። በአንዱ ጎን በኩል ትሪ ይዛ የወጣች ሴት አለች፣ ፊቷ አይታይም፣ ነጭ ነጠላ ለብሳለች።

«እኔ ነኝ» አለች ሮሐ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አባዬ፣ ድንኳኑ ሲነሳ ውሃው የት እንደሚሄድ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«አሸንዳውስ?»

«አሸንዳው ጤነኛ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?»

«ካሳየሽኝ ቀን ጀምሮ። ዘጠኝ ቀን።»

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ገብታ ተኛች፣ እኔም ምሰሶውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁት።

በማግስቱ ሰፈሩ ወደ ኪዳን ሲወጣ ቀሰቀሰችኝ። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን የውሃ ልክ ጎማ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ውሃ የተሞላ ቀጭን ግልጽ ቱቦ ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ ላይ ውሃው እኩል ስለሚቆም የቦታን ከፍታ ያለ ስህተት ይናገራል። አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ፣ አንዱን እሷ፤ ከእትዬ ብርቅነሽ በር ጀምረን በየሦስት እርምጃው እየለካን ወረድን። ቁጥር ስትጠራ ካልሆነ አላናገረችኝም። መንገዱ አንድም ቦታ ከፍ አላለም። ከላይ እስከ እኔ በር ድረስ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ነው የሚወርደው። በሬ ላይ ስንደርስ ቱቦውን ጠቀለለችና ደብተሯን ዘጋች።

ቤት ገብታ የድንኳኑን ካሬዎች ከካርታው አወጣች፣ በእጃችን የለካነውን አስገባች፣ ኮምፒውተሩን እንደገና አስላ አለችው። አጠገቧ ቆሜ ነበር። ሰማያዊው መስመር የእትዬ ብርቅነሽን በር ትቶ፣ መንገዱን ይዞ፣ መታጠፊያው ላይ ሳይታጠፍ በወጥ ቤታችን ውስጥ አለፈ። በብሎኬት የሰቀልኩት ምድጃ በየት በኩል እንደሆነ ጠይቄው የሄደ ነው የሚመስለው።

«ጎበዝ ነው» አልኩ።

«ለኢንጂነር ዳኜ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ» አለች። ዳኜ አለቃዋ ነው። «ስህተቱ የእኔ ነው። ሄጄ ማየት ነበረብኝ።»

ሄዳም ነገረችው። ምን እንዳላት ሙሉውን አልነገረችኝም። የሌሎቹም ሰፈሮች ፎቶ እንደገና አንድ በአንድ ይታይ ተብሎ ሦስት ሳምንት ቅዳሜና እሑድ ሳታርፍ መሥራቷን ግን አውቃለሁ። ሌላ ሁለት ቦታ ላይም ድንኳን ተገኝቷል፣ አንዱ የሠርግ ነው። ለሁለት ቀን ከእኔ ጋር የምታወራው ስለ ምግብ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስትመለስ አጠገቤ ተቀመጠችና የጋቢዬን ጫፍ ስባ ጉልበቷ ላይ አደረገች። ይቅር እንዳለችኝ በዚያ አወቅኩ።

የእትዬ ብርቅነሽ ስም ከዝርዝሩ ወጣ። ለእሳቸው የተነገራቸው ካርታው ላይ ስህተት ነበረ፣ ድንኳኑ ነው ያሳሳተው የሚለው ብቻ ነው። ውሃው ወዴት እንደዞረ እንዳይነገራቸው ሮሐን የለመንኩት እኔ ነኝ። ያሰሩትን ዕቃ ፈቱ።

ቀይ ምልክት የሚቀባበት ቀን ሰኔ መጨረሻ ላይ ደረሰ። ሮሐና ብሩኪ ከመሥሪያ ቤቱ መኪና ወረዱ። ብሩኪ ብሩሹን ይዞ በራችን ፊት ቆመና ቀለሙን እንጂ እኔን ማየት አቃተው። ጥሩ ልጅ ነው። «ጋሽ መዝገቡ፣ እ... ማለቴ...» ብሎ ቀረ።

ሮሐ ብሩሹን ከእጁ ወሰደችው። «በቃ፣ እኔ ልቀባው» አለች።

የቀለሙን ጣሳ እኔ ያዝኩላት። የመጀመሪያው መስመር ተንጋደደባት።

«ቀጥ አድርጊው እንጂ፣ የሒሳብ ሰው አይደለሽም እንዴ?» አልኳት።

ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣባት፤ ቀለሙ ከብሩሹ እየተንጠባጠበ እስከ ክርኗ ወረደ። እሷ ግን ሁለተኛውን መስመር ቀጥ አድርጋ ጨረሰችው። ልጄን በዚያን ሰዓት የወደድኳትን ያህል ወድጃት አላውቅም፤ ይህንንም ነገርኳት።

ዞር ስል እትዬ ብርቅነሽ ከኋላችን ቆመዋል። መቼ እንደወረዱ አላየሁም። በሩን አዩት፣ ምልክቱን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«እዚህ ነው የዞረው?» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ።» ከዚህ በኋላ መደበቅ ምን ዋጋ አለው ብዬ ቀጠልኩ። «ከመጀመሪያው አውቅ ነበር። ድንኳኑ መሆኑንም፣ ውሃው ወደ እኔ መሆኑንም። እርስዎ ዕቃ ሲያስሩ ዝም ብዬ አይቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አንተ ዘጠኝ ቀን ነው ያወቅከው አሉ» አሉኝ። ሮሐ ብለምናትም ነግራቸው ኖሯል። «እኔ አርባ ሦስት ዓመት አውቃለሁ። በእኔ ግቢ አንድም ክረምት ውሃ ገብቶ አያውቅም። አምኃ ሐምሌ በመጣ ቁጥር ካንተ ጋር ጭቃ ሲዝቅ ውሎ ሲመለስ ሱሪውን የማጥበው ማን ይመስልሃል?»

ሮሐ ብሩሹን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እኔም ጣሳውን እንደያዝኩ።

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?» አልኩ።

«ምን ብዬ ልናገር?» አሉ። «የእኔን ተዉ፣ የልጄን ቤት አፍርሱ ብዬ?»

እትዬ ብርቅነሽ የሮሐን እጅ ያዙና ቀለሙን ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ነጭ ጋዝ አለኝ» አሏት። «ነይ፣ ሳይደርቅብሽ ላስለቅቅልሽ።»

ዳገቱን ተያይዘው ወጡ።